የህንዱ አለቃዬ ሁለት ልጆች፦ በ25 ላክ ሩፒ ውጭ አገር ማስተማር ይቻላል?

የዱከም ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄው የራሴ አይደለም፤ ግን ሳትስቁ ስሙኝ።

የምሠራው ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሂሳብ ክፍል ኃላፊያችን ህንዳዊ ናቸው፤ የናሺክ ሰው። እኔ ስቀጠር ኤክሴል እንኳ በወጉ አላውቅም ነበር። ከሥራ በኋላ ቁጭ አድርገው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ውለታ አለብኝ።

ዛሬ ሻይ ላይ ልጆቻቸውን አነሱ። ሴቷ ፑኔ ላይ ሜካኒካል ምህንድስና ጨርሳለች፤ ማስተርስ ውጭ መማር ትፈልጋለች። ወንዱ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሐኪም ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። «ኒት» የሚሉትን የሕክምና መግቢያ ፈተና አልፏል፤ ቦታ ግን አላገኘም። አልፎ ቦታ ማጣት የሚባለው ነገር አልገባኝም። ለመጠየቅም አፈርኩ።

ያላቸው ለሁለቱም 25 ላክ ሩፒ ነው። ላክ ማለት መቶ ሺህ ነው፤ ስለዚህ 2.5 ሚሊዮን ሩፒ መሆኑ ነው። በዶላር ከ30,000 ያነሰ ነው። እዚያው ናሺክ ያለ ኤጀንት ልጁን ኪርጊስታን፣ ልጅቷን ጀርመን «በአንድ ጥቅል» እልካቸዋለሁ ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ «ወንድምህ ጀርመን አይደል? ጠይቅልኝ» አሉኝ። ወንድሜ ስልክ አያነሳም። እናንተስ?

ቀዮ (2፡31)

ወንድምህ ስልክ የማያነሳው ብር ላክልኝ ልትለው ነው ብሎ ነው ሃሃ። በነገራችን ላይ የኛ ልጆች ጉዳይ አልቆ ነው የህንድ ልጆች ጉዳይ የመጣው?

የዱከም ልጅ (2፡34)

ቀዮ፣ ኤክሴል ያስተማርከኝ አንተ ብትሆን የአንተን ልጆች ጉዳይ ይዤ እመጣ ነበር።

ሽሮ በማግደቡርግ (3፡20)

ወንድሜ፣ የልጅቷን ለእኔ ተወው። ሁለት ዓመት ከሦስት ህንዶች ጋር አንድ ቤት ኖሬያለሁ። ማስተርሳችንን አብረን ነው የጨረስነው። እነሱ ራጅማ የሚሉትን ቦሎቄ ይቀቅላሉ፣ እኔ ሽሮ አንተከትካለሁ፣ በርበሬ ላይ ውድድር ነበር። (ተሸንፌያለሁ። የአንድራ ልጅ ጋር በርበሬ አትወዳደሩ።)

ጀርመን ዛሬ ህንዶች ከሁሉም አገር ተማሪ በላይ የበዙበት ነው። በ2023/24 ቁጥራቸው ወደ 49,500 ተጠግቶ ነበር፤ ቻይናዎችን አልፈዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለብዙው ትምህርት ክፍያ የለም። በሴሚስተር የምትከፍለው መዋጮ ነው፤ እንደ ከተማው ከ100 እስከ 400 ዩሮ።

ግን «ነፃ ነው» ሲባል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቪዛ ለማግኘት ብሎክድ አካውንት ውስጥ 11,904 ዩሮ ማስገባት አለባት። በሩፒ ወደ 12 ላክ ገደማ ነው። ይህ ለማንም የሚከፈል አይደለም፤ የራሷ ገንዘብ ነው። ከደረሰች በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅላታል። ከዚያ ላይ ለጤና ኢንሹራንስ 140 ገደማ ይሄዳል። በቀረው ኪራይና ምግብ። ሙኒክ ላይ በዚህ ገንዘብ መኖር ማለት በአንድ ሳንባ እንደ መተንፈስ ነው። ማግደቡርግ፣ ኬምኒትስ፣ ኢልሜናው፣ ኮትቡስ ላይ ግን ይበቃል። ህንዶቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው እነዚህ ከተሞች ውስጥ የሞሉት።

ሁለት ነገር ትጠንቀቅ። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ከ2017 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ሽቱትጋርት፣ ካርልስሩሄ፣ ሃይደልበርግ እዚያ ናቸው። ሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2024/25 የትምህርት ዓመት ጀምሮ ለማስተርስ በሴሚስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ ይጠይቃል። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ህንድ ውስጥ ሁሉም የሚያወራው ስለሱ ነው።

ሌላው «ኤፒኤስ» የሚባለው ነገር ነው። ከኅዳር 2022 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ህንዳዊ ተማሪ ዲግሪው እውነተኛ መሆኑ ደልሂ ባለው ቢሮ ሳይረጋገጥ ቪዛ አያገኝም። ክፍያው 18,000 ሩፒ ነው። ከእኛ ይህ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ወንድምህም ላያውቀው ይችላል። አብሮኝ የኖረው ልጅ ወረቀቱ ዘግይቶበት አንድ ሴሚስተር በልቶበታል።

እና ይቺን ጠይቅልኝ፦ ኤጀንቱ የላከላችሁ የዩኒቨርሲቲ ስም ማን ነው? የመንግሥት ነው የግል?

የዱከም ልጅ (3፡41)

እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ። ስሙን ነገ አመጣለሁ። በርሊን ያለ ነው ብለውኛል።

ሽሮ በማግደቡርግ (3፡44)

እዚህ መድረክ ላይ ስሙን አትጻፍ። ግን በርሊን ሲባል ጠረጠርኩ። የግል ከሆነ በዓመት አሥር ሺህ ዩሮና ከዚያ በላይ ነው የሚሆነው። ኤጀንት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኮሚሽን አያገኝም። ከግሉ ያገኛል። ነገሩ ይኸው ነው።

ተእታ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50)

ባንክ ነው የምሠራው። ስለ ገንዘቡ ጎን ልግባ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ያስቀናኛል። ህንዳዊ ነዋሪ በዓመት እስከ 250,000 ዶላር በሕጋዊ መንገድ በባንኩ በኩል ውጭ መላክ ይፈቀድለታል። ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለምን ብትል። እኛ ሐምሌ 2016 (በእኛው) ብር ለገበያ ከተተወ ወዲህ እንኳ ተማሪ ለብሎክድ አካውንት ዶላር ለማግኘት ስንት ደጅ እንደሚጠና እዚህ ያለው ያውቀዋል። ስለዚህ «ህንዶቹ እንዴት ቻሉ?» ለሚለው ግማሹ መልስ ይኸው ነው።

ግማሹ ደግሞ ብድር ነው። የህንድ ባንኮች የትምህርት ብድር ይሰጣሉ። በመንግሥት ባንኮች እስከ 7.5 ላክ ሩፒ ያለ መያዣ ይገኛል፤ ከዚያ በላይ ብዙውን ጊዜ ቤት ወይም መሬት ይጠየቃል። ተማሪው እስኪጨርስ አይከፍልም፤ ወለዱ ግን አይተኛም። 10 ላክ በ10 በመቶ ቢበደሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 2 ላክ ይጨመርበታል፤ ገና ሥራ ሳይገኝ።

ትንሽ ነገር ግን ለሂሳብ ሰው የምትጠቅም፦ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከራስ ኪስ ለትምህርት የሚላክ ገንዘብ በዓመት ከ10 ላክ ካለፈ በሚያልፈው ላይ ባንኩ ጥቂት በመቶ ግብር ይይዛል። ከባንክ ብድር የመጣ ከሆነ አይያዝም። የተያዘውን በዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ላይ ማስመለስ ይቻላል። አለቃህ የሂሳብ ሰው ናቸው፤ ይህን ቢያውቁም ግድ የለም፣ ንገራቸው።

ሌሊት ተረኛ (ማክሰኞ፣ ቀን 8፡05)

ዱባይ ሆስፒታል ውስጥ ነው ያለሁት። ከአሥር ባልደረቦቼ ስድስቱ ህንዶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ውጭ ተምረው የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከሩሲያ፣ አንዷ ከጆርጂያ። የልጁን ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ፤ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ «አልፎ ቦታ ማጣት» ያልከው። ኒት ላይ ማለፍ ማለት መግባት አይደለም። በ2024 ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ልጆች ተፈትነው ከ1.3 ሚሊዮን በላይ አልፈዋል። አገሪቱ ውስጥ ያለው የሕክምና ትምህርት ቦታ ግን በዚያን ጊዜ 110,000 ገደማ ነበር። ከዚያ ውስጥ በርካሽ የሚያስተምሩት የመንግሥት ኮሌጆች የያዙት ግማሹን ያህል ነው። የቀረው የግል ነው፤ የግል ደግሞ ለጠቅላላው ኮርስ ከ50 ላክ ተነስቶ ከአንድ ክሮር በላይ ይሄዳል። ክሮር መቶ ላክ ነው። ስለዚህ የአለቃህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ጠረጴዛው ጠቦ ነው።

ያለፈበት ውጤት ግን ከንቱ አይደለም። ከ2018 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ኒት ያላለፈ ህንዳዊ ውጭ አገር ሕክምና ተምሮ ቢመጣ አገሩ ላይ ፈቃድ አያገኝም። እሱ አልፏል። በሩ አልተዘጋበትም።

አሁን ወደ ኪርጊስታን። ኤጀንቱ ስንት ብሎ እንደነገራቸው አላውቅም፤ ግን በዓመት 4,000 ዶላር ክፍያ፣ 2,000 ለማደሪያና ለምግብ እንበል። 6,000። በስድስት ዓመት 36,000 ዶላር። ይህ ብቻውን ከ30 ላክ ሩፒ በላይ ነው። አውሮፕላን የለበትም፣ የቪዛ ማደሻ የለበትም። ያላቸው ለሁለት ልጅ 25 ነው። «በዓመት» የሚባለውን ብቻ ሰምተው ከሆነ ወረቀት አምጥተው በስድስት ያባዙ።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ዋናው ጣጣ መመለሻው ነው። የህንድ ብሔራዊ የሕክምና ኮሚሽን በኅዳር 2021 (በፈረንጆቹ) ያወጣው ደንብ አለ። ትምህርቱ ቢያንስ 54 ወር መሆን አለበት። ከዚያ እዚያው ተቋም ውስጥ 12 ወር ልምምድ። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ። ደግሞም በተማረበት አገር እንደ ዜጋው ፈቃድ አግኝቶ መሥራት የሚያስችለው ዲግሪ መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዷ ከጎደለች ስድስት ዓመቱን ውሃ በላው።

ሁሉም ቢሟላ ፈተና አለ፤ ኤፍ ኤም ጂ ኢ ይባላል። በዓመት ሁለቴ ይሰጣል። 300 ጥያቄ፣ ማለፊያው 150። ብዙውን ጊዜ ከአራት ወይም ከአምስት ተፈታኝ የሚያልፈው አንዱ ነው። ከጆርጂያ የመጣችው ባልደረባዬ በሦስተኛው ነው ያለፈችው። ጎበዝ ናት፤ ሌሊት ላይ ከማንም በፊት የምጠራት እሷን ነው። ግን እዚያ የተማረችው በስላይድ ነበር ትላለች። በሽተኛው ጆርጂያኛ ይናገራል፣ እሷ ሂንዲና እንግሊዝኛ። አልጋ አጠገብ ቆማ የሰማችው ነገር የለም። ህንድ ተመልሳ እንደገና ልምምድ ስትሠራ ነው ሐኪም የሆንኩት ትላለች።

ሩሲያ የተማረው ደግሞ በመጀመሪያው አልፏል። እሱ ሩሲያኛውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንደ ጉድ አጥንቶ ነበር። ልዩነቱ አገሩ ሳይሆን ይኼ ይመስለኛል።

ከካርኪቭ የወጣሁ (ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡12)

ሌሊት ተረኛ ያላነሳው አንድ ነገር አለ። እኔ ዩክሬን፣ ካርኪቭ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ። ዶርማችን ውስጥ ከአምስት ልጅ አራቱ ህንድ፣ አብዛኞቹ ሕክምና። ርካሽ ስለነበር ነው የመጡት። የካቲት 2022 (በፈረንጆቹ) ጦርነቱ ሲጀመር ምድር ቤት ውስጥ አብረን አደርን። በኋላ ወደ ፖላንድ በሚያወጣው ሼሂኒ ድንበር ላይ አንድ እሳት ሞቅን። ጥቁርም ህንድም ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ያን ጊዜ ተጽፏል።

የህንድ መንግሥት «ኦፕሬሽን ጋንጋ» ብሎ አውሮፕላን ላከ። ወደ 18,000 ያህል ሰው አስወጣ፤ አብዛኛው ተማሪ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በዚያች ሰዓት ህንዳዊ በሆንኩ ብዬ ነበር። ግን ከወጡ በኋላ ግማሽ የተማረ ሐኪም የሚቀበል ኮሌጅ አገራቸው ላይ አልነበረም። ጓደኛዬ ጆርጂያ ተዛውሮ ነው የጨረሰው፤ እንደገና ከፍሎ።

የኪርጊስታን ዋና ከተማ ቢሽኬክ ላይም ግንቦት 2024 (በፈረንጆቹ) የውጭ ተማሪ ሆስቴል ላይ የመንጋ ጥቃት ነበር። የህንድ ኤምባሲ ተማሪዎቹን ከክፍላችሁ አትውጡ ብሎ ነበር። አስፈራርቼ አይደለም። ርካሽ ሲባል ይህም ሂሳብ ውስጥ ይግባ ለማለት ነው።

ቀዮ (1፡30)

እሺ አሁን መቀለድ አቆምኩ።

ቫይዛግ (ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡02)

ዶክትሬቴን የሠራሁት አንድራ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቪሳካፓትናም። ቫይዛግ እንላታለን። ከእኛ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ስንቱ እዚያ እንደተማረ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ የሚገርመኝን ልናገር፦ እኛ ለርካሽ ትምህርት ህንድ እንሄዳለን፣ እነሱ ለርካሽ ትምህርት ከህንድ ይወጣሉ።

ልጅቷ ለምን ትወጣለች? ሜካኒካል ከጨረሰች «ጌት» የሚባለውን ፈተና ትውሰድ። በየዓመቱ በየካቲት ወር አካባቢ ይሰጣል። ጥሩ ካመጣች አይ አይ ቲ ከሚባሉት ትልልቅ የመንግሥት ቴክኖሎጂ ተቋማት አንዱ ገብታ ማስተርስ ትማራለች፤ መንግሥት በወር 12,400 ሩፒ ይከፍላታል። ብሎክድ አካውንት የለ፣ ኤፒኤስ የለ። አባቷ 25 ላኩን ለልጁ ያውለው።

ሽሮ በማግደቡርግ (3፡15)

ጋሼ ቫይዛግ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ጌት ላይ ጥሩ ማምጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። አብረውኝ የኖሩት ሦስቱም ጌት ወስደው ነበር። አንዱ ሁለቴ። አይ አይ ቲ ማለት ባህር ዳር ወጥቶ ዓሣ መግዛት አይደለም። ጀርመን ደግሞ ከጨረስሽ በኋላ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጥሻል። እሷ ፋብሪካ ውስጥ መሥራት ከፈለገች ይህን ማንም ህንድ ውስጥ አይሰጣትም።

ቫይዛግ (3፡24)

ያንቺም እውነት ነው። ግን ትሞክር። መሞከሪያው ርካሽ ነው፤ ካልሆነም የሚቀርባት የአንድ ዓመት ዝግጅት ነው። ደግሞ ይህን ልበል፦ እኔ ቫይዛግ ስገባ ማንም ደላላ አልላከኝም። ራሴ ጽፌ፣ ራሴ ተቀብዬ። ያኔ ኢሜይል አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር።

ብራምፕተን (ረቡዕ፣ ሌሊት 7፡40)

ካናዳን ማንም አላነሳም፤ ደግ አደረጋችሁ። ጎረቤቴ በሙሉ ፑንጃቢ ነው። አንድ ምድር ቤት ውስጥ ስምንት ልጅ ሲተኛ አይቻለሁ። አባቶቻቸው መሬት ሸጠው ነው የላኳቸው። የሚማሩት ደግሞ አንዳንዱ የገበያ አዳራሽ ፎቅ ላይ ያለ ኮሌጅ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ከጥር 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ማሳየት ያለባቸው ገንዘብ ከ10,000 ወደ 20,635 የካናዳ ዶላር ከፍ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። የተማሪ ፈቃድም በቁጥር ተገደበ። ፈጣን የቪዛ መንገዳቸውም ኅዳር 2024 ላይ ተዘጋ። እዚህ ለመምጣት «ርካሽ» የሚለው ቃል አይሠራም።

ኦስሎ ነኝ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10)

ኖርዌይንም እርሱት። እስከ 2023 መጸው ድረስ ነፃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ተማሪ ይከፍላል። ዴንማርክ በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017 (ሁሉም በፈረንጆቹ) ከእኛ በፊት ጀምረዋል። አንድ በአንድ ነው የዘጉት። ጀርመን ብቻዋን ስንት ዓመት ትቆያለች የሚለው ላይ እኔ አልወራረድም።

ፓዶቫ (ረቡዕ፣ ቀን 6፡30)

ጣሊያንን ረሳችሁ እንዴ? ለሁለቱም ልጆች የሚሆን ይመስለኛል።

እዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የሚሰላው በቤተሰብ ገቢና ንብረት ነው። አባት ምን ያህል ያገኛል፣ ቤት አለው ወይ፣ ባንክ ምን አለው። ወረቀቱ ከህንድ ተረጋግጦ፣ ተተርጉሞ ይመጣል። ገቢው ዝቅ ካለ የክልሉ ስኮላርሺፕ አለ፤ ክፍያውን ያነሳል፣ በዓመት ጥቂት ሺህ ዩሮ ይሰጣል፣ ብዙ ቦታ ምሳም አለው። የእኛም ልጆች እዚህ በዚሁ ነው የሚኖሩት። የህንድና የሐበሻ ልጅ በአንድ ወረፋ ቆሞ በካንቲን ፓስታ የሚበላበት አገር ነው።

ጣጣው አንድ ነው፦ ገንዘቡ የሚለቀቀው ዘግይቶ ነው። ኅዳር፣ ታኅሣሥ ይደርሳል፤ ግማሹ ከዚያም በኋላ። እስከዚያ በራሷ ገንዘብ መቆየት አለባት። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ያላሰበ ልጅ ሲያለቅስ አይቻለሁ። እኔም አልቅሻለሁ።

ወንዱ ሕክምና በእንግሊዝኛ መማር ከፈለገ «ኢማት» የሚባል ፈተና አለ። 60 ጥያቄ በ100 ደቂቃ። ኮርሱ ስድስት ዓመት ነው። ለውጭ ተማሪ የተያዘው ቦታ ጥቂት ስለሆነ ቀላል አይደለም። ግን ካለፈ ክፍያው በገቢ ስለሚሰላ ከኪርጊስታን ሊረክስ ይችላል። ገረማችሁ አይደል?

ሌሊት ተረኛ (ረቡዕ፣ ቀን 7፡02)

ፓዶቫ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ብቻ ልጨምር። የህንዱ ኮሚሽን የሚለው የ12 ወር ልምምድ በዚያ ኮርስ ውስጥ እንዴት እንደሚቆጠር ልጁ ከመመዝገቡ በፊት ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ይጠይቅ። በቃል አይሆንም። ከኤጀንት አፍ ደግሞ ጭራሽ።

የዱከም ልጅ (ረቡዕ፣ ምሽት 2፡48)

ሁሉንም እያተምኩ ወሰድኩላቸው፤ በእንግሊዝኛ እያስረዳሁ። የሂሳብ ሰው ናቸው ብያችሁ የለ? የሌሊት ተረኛን ሂሳብ ሲያዩ ብዕሩን አውጥተው ራሳቸው አባዙት። ዝም አሉ። ከዚያ «ኤጀንቱ የነገረኝ የአንድ ዓመቱን ነው» አሉ።

የልጅቷ ዩኒቨርሲቲ የግል ሆኖ ተገኘ። ሽሮ፣ ልክ ነበርሽ።

አሁን የልጅቷን ውጤት ነገሩኝ፤ አማካይዋ ከ10 ላይ 7.2 ነው። ለጀርመን ይበቃል? ደግሞ «ዳታ ሳይንስ ልማር» እያለች ነው።

ሽሮ በማግደቡርግ (3፡30)

ጀርመኖች የውጭ ውጤትን የሚቀይሩበት ቀመር አለ። እነሱ ጋ 1 ምርጥ ነው፣ 4 ማለፊያ። እንዲህ ነው፦ ከፍተኛው ውጤት ሲቀነስ የእሷ ውጤት። ያንን፣ ከፍተኛው ሲቀነስ ማለፊያው ለሚያመጣው ታካፍላለህ። በ3 ታባዛለህ። 1 ትደምራለህ።

የእሷ፦ 10 ሲቀነስ 7.2 ማለት 2.8። የዩኒቨርሲቲዋ ማለፊያ 4 ከሆነ ለ6 ይካፈላል፤ በ3 ሲባዛ 1.4፤ ሲደመር 2.4። ማለፊያው 5 ከሆነ ግን ለ5 ይካፈላል፤ መጨረሻው 2.7 ገደማ ይመጣል። ብዙ ፕሮግራም 2.5 ላይ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ የልጅቷ ዕጣ ያለው በትራንስክሪፕቷ ጀርባ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈው የማለፊያ ነጥብ ላይ ነው። ሄዳ ትገልብጠው።

ዳታ ሳይንስን ተዪው በላት። እዚህ የወሰደችውን ኮርስ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ነው የሚያዩት። ሜካኒካል ተምራ ኮምፒውተር ከጠየቀች «የሒሳብና የፕሮግራሚንግ ነጥብሽ ጎደለ» ብለው ይመልሷታል። በሜካኒካል፣ በማኑፋክቸሪንግ፣ በኢነርጂ ትሞክር። ማመልከቻው ብዙ ቦታ በ«ዩኒ አሲስት» በኩል ነው፤ የመጀመሪያው 75 ዩሮ፣ ተጨማሪው እያንዳንዱ 30። አምስት ስድስት ቦታ ታመልክት፤ አሥራ አምስት ቦታ ማመልከት የኤጀንት ጨዋታ ነው።

ጀርመንኛ ደግሞ አሁኑኑ ትጀምር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሥራው በጀርመንኛ ነው። በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቀዳል። ግን የሚቀጥርሽ የሚገባውን ቋንቋ ካልተናገርሽ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ትደረድሪያለሽ። እኔ ስድስት ወር ደርድሬያለሁ። ወገቤ ያስታውሰዋል።

ተእታ (3፡52)

ስለዚህ ሂሳቡ፦ ለልጅቷ 12 ላክ ብሎክድ፣ ለቲኬት፣ ለኢንሹራንስ፣ ለወረቀቱ ሁለት ላክ እንበል። 14። ለልጁ የሚቀረው 11 ነው። በ11 ላክ ስድስት ዓመት ሕክምና የሚሰጥ አገር እኔ አላውቅም። ወይ ብድር፣ ወይ ጣሊያን፣ ወይ ኒትን እንደገና።

ቫይዛግ (4፡05)

እንደገና ቢወስድ ነውር የለውም። ህንድ ውስጥ አንድ ዓመት አርፎ መድገም የተለመደ ነው፤ «ድሮፐር» ይሏቸዋል። ራጃስታን ውስጥ ኮታ የምትባል ከተማ ሙሉዋን በእነሱ ነው የምትኖረው። ግን እዚያ አይላኩት። ቤቱ ይሁን፤ እናቱ ምግብ ታብላው። ጭንቀቱ ከባድ ነው።

የዱከም ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ቀን 5፡20)

ይቅርታ፣ ጠፋሁ። የወር መጨረሻ ሂሳብ መዝጊያ ነበር።

የማለፊያ ነጥቧ 4 ሆኖ ተገኘ! 2.4 ማለት ነው። ኤፒኤስ ለማስገባት ወረቀቷን ደልሂ ልካለች። ማታ ማታ ጀርመንኛ ጀምራለች። አባቷ የመጀመሪያውን ትምህርት በስልክ አሰሙኝ፤ «ኢሽ ቢን» ስትል እሳቸው ይስቃሉ።

ልጁ ኒትን ሊደግም ወስኗል፤ ናሺክ፣ እቤቱ። ከዚያ ጎን ለጎን ኢማትንም እሞክራለሁ ብሏል። ኤጀንቱ የተቀበለውን ቅድሚያ ክፍያ ከፊሉን ብቻ መለሰ። አለቃዬ በንዴት አልጮሁም፤ ደረሰኝ ጠየቁ። ሲሰጣቸው ቁጥሩን አረሙለት።

ዓርብ ዕለት ላዱ አመጡ። ላዱ የሚሉት ክብ ጣፋጭ ነው፤ ቢጫ። «እነዚያን ለማታውቃቸው ለጻፉልህ ሰዎች» አሉኝ፤ በካርቶን ሙሉ።

ቀዮ (5፡22)

እና የት አለ?

የዱከም ልጅ (5፡23)

በላሁት።